አንጋሎ መጋት ይቅር፦ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ስናሳድግ የምንሳሳታቸው

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። መንዝም ሆነ አንኮበር፣ ይህ ችግር ኖሮበት አንገቱ ያልጠናለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ጭን ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። አጥሚቱ ይጋታል፤ የፊተኛው መዋጡ ሳይታይ ሌላ ይደገማል። እባካችሁ ተዉት! አንገት ወደ ኋላ ሲቀለበስ የአየር ቧንቧው ክፍት ይሆናል፤ ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ልጁ ለመዋጥ ሳይዘጋጅ ይቀድመውና ወደ ሳንባው ይገባል። «ብርድ መታው» እየተባለ የሚመላለሰው የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ መነሻው ማንኪያው ነው። «አላሳለውም» ብላችሁም አትዘናጉ፤ ሳያስላቸው ትን የሚላቸው ልጆች አሉ። ከበላ በኋላ ድምፁ ከረጠበና ከተንኮረኮረ፣ ዓይኑም እንባ ካቀረረ ጠርጥሩ።

ሲበላ ጀርባው ቀጥ፣ ዳሌውና ጉልበቱ እጥፍ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። እናንተ ፊት ለፊቱ ከዓይኑ ትክክል ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ካጎረሳችሁት ማንጋጠጡ አይቀርም። ማንኪያው ትንሽና ጠፍጣፋ ይሁን፣ ግማሹን ብቻ ሙሉት። መሀል ምላሱ ላይ አሳርፉና ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፤ ከንፈሩን ሲገጥም ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ላይኛው ጥርሱ ላይ እየጠረጋችሁ አታራግፉበት። አጥሚቱ ወፈር ይበል፤ ማንኪያው ሲዘነበል እየተጎተተ የሚወርድ እንጂ እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ አይሁን። ቅንጬ ደግሞ ፍሬውና ውሃው ስለሚለያይ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከገንፎ ይከብዳል። ጥቂት በልቶ ለሚደክመው ልጅ መጠን ከመጨመር ቅቤ ጣል አድርጉበት፣ በጾም ዘይት። ከ30 ደቂቃ በላይ ማብላት ሁለታችሁንም ያደክማል። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ይበል።

ሲያንቀጠቅጠው ክብሪት ማሽተት፣ ጥርሱ መሀል ማንኪያ መክተት፣ እጅ እግሩን ጨምድዶ መያዝ፤ ሦስቱም ይቅሩ። ከምድጃው አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት እዩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት የምድጃው ዙሪያ ይከለል፤ ብዙው ጠባሳ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ስትወርዱ የሚጥል ሕመሙን ክኒን ይዛችሁ ውረዱ። ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል ሕመም መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ ልጁን የሚገድል፣ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ጸበሉ ክኒን አቁሙ አይልም።

የገተረ እግርን በጉልበት መሳብ የባሰ ያስገትረዋል። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱም ስስ ነው፤ ወጌሻ እጅ ላይ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ሰውነቱን አሙቁ፣ ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ 30 ሰከንድ ያህል ያዙ።

አራት ዓመት የሞላውን እንደ አራስ ማቀፍም አይጠቅመውም። አንገቱ ከጠና እዘሉት፤ እግሩ ተከፍቶ ስለሚውል እንደ መቀስ መጠላለፉን ያረግባል። ሲተኛ በጎኑ ይሁን፤ አንድ ባና ጠቅልላችሁ ከጀርባው፣ ሌላ ትንሽ ጥቅል ጉልበቶቹ መሀል አድርጉ።

ለአናጢ ወንበር ስታዙ «ሲያድግ ይሆነዋል» ብላችሁ አታስፉት፤ ሰፊ ወንበር ላይ ልጁ ይንሸራተታል፣ ይጣመማል። የመቀመጫው ጣውላ ከኋላ ወደ ፊት ያለው ልክ ከልጁ ቂጥ ጀርባ እስከ ጉልበቱ እጥፋት ነው፤ ከዚያ ላይ ሁለት ጣት ቀንሱ። እግሩ መሬት ካልደረሰ ከሥር ጣውላ ይመታለት፤ ጠረጴዛው ከክርኑ ትክክል ይሁን።