አሮጌ ቤልጅግ በእርሳስ ጥይት ሲያስቸግር

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሆኖ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዛ የተሸጠ ቤልጅግ፣ ማለት የቤልጅየም ሥሪት ማውዘር ጠመንጃ፣ ገዛ፣ የአንበሳ ማህተሙ ሳይቀር ያለበት። እርሳስ እያቀለጠ የራሱን ጥይት እየሠራ ይተኩስበት ጀመረና አንድ ቀን የኢላማ ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። "አያ ይኼ ጠመንጃ ሳይረገም አልቀረም" ይላል። እኔም ወደ ማርቆስ ከመመለሴ በፊት እዛው ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ሜዳ) ላይ በዚሁ ነገር ስቃጠል ስለነበር የጻፍኩለትን ለሌሎቻችሁም ይጥቀም ብዬ ነው። ፈቃድና ሬንጅ ባለበት አገር ላላችሁ ነው እሺ፣ አገር ቤት የጦር መሳሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት በአዋጅ 1177/2012 ስለሆነ ይኼን አንብቦ ጓዳ ገብቶ እርሳስ የሚያቀልጥ እኔን እንዳይጠራ።

ጥይቱ ወረቀቱን በጎኑ እየመታ ነው?
ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ጥይቱ የተጋደመ ይመስላል። የልጁ ችግር ይኼ ነበር። በአብዛኛው ምክንያቱ ጥይቱ ቀጭን ሆኖ የበርሜሉን ጥምዝ መስመር ስለማይዝ ሳይሽከረከር መውጣቱ ነው። ሰው ጠመንጃው 7.92 ሚሊሜትር ነው ሲባል ይሰማና ጥይቱንም በዛው ልክ ያደርገዋል፣ ግን መስመሩ ከስር እስከ ስር ሲለካ 8.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ያረጀ በርሜል ከዛም ይሰፋል። ስለዚህ በግምት አትሂድ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተህ ቦልቱን (ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት) አውጣ፣ በርሜሉን ዘይት ቀባው፣ ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል በአፈሙዙ አስገብተህ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያልክ እየመታህ በኋላ አውጣው፣ ሰፊ ቦታውን በማይክሮሜትር ለካ። ጥይትህ ከዛ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ይወፍር።

ልጁ "ለክቻለሁ፣ 8.24 ነው" አለኝ። ቀለህ ውስጥ የገባውን አንዱን መልሰህ ነቅለህ ለካው አልኩት። 8.18! የቀለሁ አንገት ጠቦ ለስላሳውን እርሳስ አንቆ አቅጥኖታል፣ እሱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሩድ ሲቀያይር ከርሟል። የቀለሁን አፍ ትንሽ ከፈት አድርገህ አንገቱንም በሰፋ መሣሪያ አስተካክል።

በርሜሉ እርሳስ ያዘ?
መጀመሪያ የት እንደያዘ እይ። ከጥይት ማጉረሻው አጠገብ ከሆነ ያው የልክ ችግር ነው፣ ትኩሱ ጋዝ በጥይቱ ጎን እያመለጠ ይልጠዋል። አፈሙዙ ጋ ከሆነ ቅባቱ መንገድ ላይ አልቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ዕድለኛ ነው፣ ንጹህ የንብ ሰም ለቅባቱ ዋና ነገር ነው፣ ትንሽ ሞራ ስትጨምርበት ይለሰልሳል። የሱቅ ሻማ አቅልጠህ እንዳትሞክር ግን፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የድሮዎቹ ውጅግራ የሚባለውን ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር እርሳስ በወረቀት ጠቅልለው ይተኩሱ የነበረው እርሳሱ ብረቱን እንዳይነካ ነው፣ ሞኞች አልነበሩም።

ፍጥነቱንም አትርሳ። ከስሩ የመዳብ ቆብ የሌለው ጥይት በሰከንድ 400 ሜትር አካባቢ ሲያልፍ ማስቸገር ይጀምራል፣ ቆብ ያለው እስከ 600 ይሄዳል። እንደ ፋብሪካው ይሂድልኝ ካልክ እርሳሱን ተወው። ደግሞ በፊት የፋብሪካ ጥይት የተተኮሰበት በርሜል ውስጥ የቀረ መዳብ ካለ ሳትጠርግ አትጀምር።

አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ ርቆ ይመታል?
የመጀመሪያው ጥይት ከሆነ ዘይት ነው፣ ከመተኮስህ በፊት በደረቅ ጨርቅ ወልውል። በየመሃሉ ከሆነ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች እይ፣ እንጨት ክረምት ይነፋል በጋ ይሸሻል። ጥይቶቹ ላይ መጨማደድ ካለ ሞልዱ (የጥይት ቅርጽ ማውጫው) ሳይሞቅ ነው ያፈሰስከው።

ከኢላማው በታች ይመታል?
ቀርፋፋ ጥይት ስለሆነ ነው፣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ከፍ አድርገው፣ አለቀ።

ካፕሱሉን (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን ባሩድ ማቀጣጠያ) መታው ግን አልተኮሰም?
መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዝክ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ከዛ ቦልቱ ውስጥ የደረቀ ግራሶ ፈልግ፣ እንደ ጮቄ ያለ ብርድ ላይ ግራሶው ይጠጥርና መምቻውን ያዘገየዋል። ፈታትተህ አጥበህ በስሱ ዘይት መልሰው።

"ጷ" ሳይሆን "ፍስ" አለ?
ቁም! ሌላ ጥይት እንዳታጎርስ! ያኛው በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ በላዩ ላይ ከተኮስክ በርሜሉ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ቦልቱን አውጥተህ በዘንግ ፈትሽ። ቀላል የባሩድ ልክ በትልቅ ቀለህ ውስጥ ግማሹንም ስለማይሞላ ሳታውቀው ሁለቴ ልትጨምር ትችላለህ፣ ይኼ ደግሞ ከ"ፍስ"ም ይብሳል፣ ስለዚህ ጥይቱን ከማስገባትህ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ እያበራህ እይ፣ ልኩንም ከታተመ ሠንጠረዥ እንጂ ከሰው አፍ አትውሰድ።

እርሳስ ስታቀልጥ የውሃ ጠብታ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ይፈናጠራል። ደጅ ላይ ሁን፣ እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትነካ፣ ድስቱም ወደ ኩሽና አይመለስ።

ልጁ ቅዳሜ ሌላ ፎቶ ላከ። በ50 ሜትር አምስቱ ጥይት በቡና ሲኒ አፍ ይሸፈናሉ። ስድስተኛውስ ስለው ዝም አለ።