ከፒያሳ ሳይርቁ ትልቁን ቁራ እንዴት ማየት ይቻላል

ቁራ ለማየት ምን ልፋት ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ቀና ማለት ይበቃል። ችግሩ አዲስ አበቤ የእግረኛ መንገዱን ጉድጓድ እያየ ስለሚሄድ ቀና ለማለት ፋታ የለውም።

ቁራ እኛ ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም። ልከነው የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ነው። ግቢ ውስጥ ሲጮህ «ደግ አሰማን» የሚሉ እናቶች አሉ። ነቢዩ ኤልያስን የመገበው ቁራ መሆኑን ግን ማንም አያነሳለትም። እዚህ የማወራላችሁ ባለ ትልቅ መንቆሩ ቁራ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም። ዋና ቤቱ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም አውጥቶለታል። ወፍ ለማየት ብለው ባሕር አቋርጠው የሚመጡ እንግዶች ይፈልጉታል፤ እኛ «ሂድ ወዲያ» እንለዋለን።

መጀመሪያ ማንነቱን ለዩ። ከተማው ውስጥ ቁራ የምንላቸው ከአንድ በላይ ናቸው። ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነው፣ ነጠላ ያጣፋ የሚመስለው፣ ሌላ ዓይነት ነው፤ በመጠንም ያንሳል። የምንፈልገው ትልቁ ከፊት ሲያዩት ጥቁር ነው። ነጩ ያለው ከኋላ፣ ከአናቱ ጀርባና ማጅራቱ ላይ ነው። ስለዚህ ዞር እስኪል ጠብቁ። መንቆሩን ካያችሁ ግን መጠበቅም ላያስፈልግ ይችላል። ጭንቅላቱን ያህላል። ላዩ የጎበጠ፣ ጎንና ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጫፉ ብቻ ነጣ ያለ ነው። ከመንቆሩ እስከ ጅራቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ሁለመናው ጥቁር ሆኖ ሲበር ጅራት የሌለው የሚመስል ካያችሁ እሱም ቁራ ነው፤ ግን የምንፈልገው አይደለም። የኛው ጅራቱ ረዘም ያለ ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ታክሲው ሳይንጫጫ።

ቦታ ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ፤ ረጅም ዛፍና ምግብ። ለዛፍ የአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢና ስድስት ኪሎ አካባቢ ጥሩ መነሻ ናቸው። የዛፉን ጫፍ ብቻ ሳይሆን የመብራት ምሰሶውንና የቆርቆሮ ጣሪያውን ጠርዝ እዩ። ለምግብ ደግሞ ቅንጥብጣቢ የሚጣልበት የሥጋ ቤት ጓሮ አለ። ረቡዕና አርብ ግን ገንዳ ስር ቆማችሁ አትድከሙ፤ በጾም ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ ቁራውም ሌላ ቦታ መፈለጉ አይቀርም። የበዓል ማግስት፣ ሰፈር ውስጥ ቅርጫ የታረደ ቀን፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ከጭልፊቱ ጋር ሲሻማ ልታዩት ትችላላችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከገንዳው ይልቅ ሜዳውን እመርጣለሁ። ፈረስ የዋለበት ሜዳ ከሆነ፣ ጃንሜዳን የመሰለ፣ ዕድላችሁ ይጨምራል። ቁራው ፋንድያው አጠገብ ያርፋል። አንገቱን አዘንብሎ ያያል። ከዚያ ያን ከባድ መንቆር ወደ ጎን ጠረግ እያደረገ ፋንድያውን ግራና ቀኝ ይበትነዋል። የሚፈልገው ውስጡ የተደበቀውን የጥንዚዛ እጭ ነው። ቆም ይላል፣ አንዷን ለቀም ያደርጋል፣ እንደገና ይበትናል። ወፉ ሥራ ላይ እያለ ብዙም ስለማይጨነቅ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሮጣችሁ አትጠጉት፤ ይልቅ ተቀመጡ።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ድምፁ ከጉሮሮው የሚወጣ፣ ወፍራምና ሻካራ ነው። ሲጮህ ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል። ሰላምታ የሚሰጥ ነው የሚመስለው፤ ለማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ይቺን ቀልድ አታድርጓት። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ፣ ኤምባሲ በር ላይ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ፊት ካሜራም ሆነ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አታውጡ። «ወፍ እያየሁ ነው» ብላችሁ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ሊፈጅባችሁ ይችላል። ሌላ ግቢ ስትገቡም ቀድማችሁ ጥበቃውን ጠይቁ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ቁራ ለማየት ነበር» በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። ቀጥለው የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር ሊነግሯችሁ ይችላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ናቸውና ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ።

ካያችሁት በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከፈለጋችሁ ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ፎቶ ስታነሱ ቢያንስ አንዱን ከኋላው አንሱት። ነጩ ማጅራት ከታየ የሚከራከራችሁ የለም።