ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል?

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጥሩ ሰዓቱ ከንጋት እስከ ረፋድ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ክር መከታተል ያስቸግራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ ከአቃቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ «ቅዳሜ በማለዳ እወጣለሁ» ያለ ሰው፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ጨርሶ ሲደርስ የሐይቁ ሰዓት አልፎበታል። ዓርብን ሀዋሳ ማደር ግድ ነው። የቀረው ዕቅድ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ቀኑን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ አልጋ ይጠፋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል። ከመነሳትዎ በፊት ያጣሩ።

«ለምን ይህን ያህል ርቀት? የአባ ሳሙኤል ግድብ ቅርባችን አይደል?» የሚል ይኖራል። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚገባው እዚያ ነው። ከዚያ የወጣ ዓሣ ለልጆች አይቀርብም።

ከረቡዕ ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ

በረዶ። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሃ ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ከአፉ ሦስት ጣት ያህል ያጉድሉ፤ አለበለዚያ ጠርሙሱ ይፈነዳል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሐሙስ ማታን አይጠብቁ። ልኩ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ዓርብ የተጫነ በረዶ እስከ እሑድ አይቆይም። አልጋ ሲይዙ በስልክ «ጠርሙሶቼን ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጡልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ሌላ ሆቴል ይፈልጉ።

መንጠቆ። ሐይቁ ውስጥ በብዛት የሚፈለጉት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ቁጥር መንጠቆ ይበቃዋል። ተራው ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። እንደ 2/0 ከዜሮ ጋር የሚጻፉት ደግሞ ቁጥሩ ሲያድግ ይተልቃሉ፤ ለአምባዛ የሚሆነው ከእነዚህ ነው። ክሩ ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ለአምባዛ 0.40 ይሁን። ወፍራም ክር ለሁሉም ይሆናል ብለው አይግዙ፤ ቆሮሶ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ወፍራም ክር ካየ ይሸሻል። ተንሳፋፊውን ከአሮጌ ሲሊፐር ስፖንጅ ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ለማስጠሚያ ጥቂት ትናንሽ እርሳሶች ይያዙ።

ቋጠሮ። የሚያመልጥ ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ክሩ መንጠቆው ጋ ሲፈታ ነው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠምጥሙ፣ ከዚያ ቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት መልሰው ያስገቡት። ከመሳብዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት። ደረቁን ከጎተቱት ፍትጊያው ናይለኑን ያሞቀዋል፣ የሞቀበት ቦታ ነጣ ብሎ ይኮማተራል፤ ኋላ የሚበጠሰው በዚያው ነው። ነጥቶ ካዩት ቆርጠው እንደገና ይቋጥሩ።

ማባበያ። በዳር ከተማ መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጓሮ ፍግ የተጣለበትን እርጥብ አፈር ሲቆፍሩ የምድር ትል አይጠፋም። የአቃቂን ወንዝ ዳር ግን ይተዉት። ክዳኑ የተበሳ ጣሳ ውስጥ ከነአፈሩ ያስቀምጡትና በመንገድ ላይ ከእግርዎ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይያዙት፤ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነ ሙቀቱ ላይ ሲደርሱ ሞቶ ይሸታል። ትል ካለቀ የስንዴ ዱቄት ሊጥ ይሠራል። ጥቂት የተባዘተ ጥጥ ካሹበት ውሃ ውስጥ ቶሎ አይበተንም።

መንገዱ

በራስ መኪና ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ በፈጣኑ መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ አድርገው ባቱ ይደርሳሉ። ቀጥሎ አዳሚ ቱሉ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ናቸው። በአውቶቡስ የሚሄድ ቃሊቲ መናኸሪያ ይሳፈር። ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ይውጡ። ጋሪው፣ ከብቱና ባጃጁ በሚበዛበት መንገድ ላይ መምሸት የለበትም፤ ደግሞም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሀዋሳ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ይጠብቅዎታል።

ዓርብ ከሰዓት፦ ጀልባ መነጋገር

ሻንጣዎን አስቀምጠው ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ለመሻማት የሚሰለፉበት፣ አጥማጆቹም የሚገኙበት ቦታ ነው። አስቀድመው ለመዝናኛ በመንጠቆ ማጥመድ እንደሚፈልጉ ለአጥማጆቹ ማኅበር ተናግረው የሚከፈል ወይም የተከለለ ቦታ እንዳለ ይጠይቁ። ከጀልባው ባለቤት ጋር ደግሞ ዋጋውን ቁርጥ ያድርጉ፦ «ወንድሜ፣ ለሁለት ሰው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ነዳጁን ጨምሮ ስንት ነው?» ሰዓቱና ነዳጁ ካልተጠቀሱ ጠዋት ጭቅጭቅ ይነሳል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን በዓይንዎ ይዩት፣ ማሰሪያውንም ይሞክሩት። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ፤ ሐይቁ እስከ 20 ሜትር ገደማ የሚጠልቅበት ቦታ አለው።

ቅዳሜ ንጋት

ሀዋሳ ሞቃት ናት ብለው በቲሸርት አይውጡ፤ በደረቁ ወራት ንጋት ላይ ውሃው ዳር ይበርዳል። ጉማሬ ስላለ፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ በኩል፣ ቀዛፊው «እዚያ አንጠጋም» ካለ አይከራከሩት።

ከደንገሉና ከሸምበቆው ዳር ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብለው ጀልባውን ያስቁሙና ሞተሩ ይጥፋ። ቆሮሶ የሚውለው ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሜትር በሆነው ዳርቻ ነው። ትሉን መንጠቆውን እንዲሸፍን አድርገው ይሰኩ፣ ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይንጠልጠል። ትሉ በተደጋጋሚ ተበልቶ መንጠቆው ባዶውን ከወጣ፣ ወይ ትሉ ረዝሟል ወይ መንጠቆው ተልቋል።

ተንሳፋፊው መጀመሪያ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ ቆሮሶው በከንፈሩ እየቀመሰ ነው። አሁን ከሳቡ ያጡታል። ቀጥሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ዘንበል ይላል፣ ይሰምጣል። ያኔ በእጅ አንጓ ብቻ፣ አጠር አድርገው ይሳቡ። አምባዛ ከፈለጉ ተንሳፋፊ አያስፈልግም፤ የዓሣ አንጀት ሰክተው እርሳሱ መሬት እንዲነካ ይልቀቁት።

ሲይዙት እጅዎን ያርጥቡ። ቆሮሶን ከራሱ ወደ ጅራቱ እየዳሰሱ የጀርባውን እሾህ አስተኝተው ይያዙ። አምባዛ በግራና ቀኝ ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ ስላለው ከእሾሁ ኋላ ይጨብጡት።

አደራ፣ የቆሮሶውን አፍ ከፍተው ይመልከቱ። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው፤ ቢጫ ፍሬ ወይም ዓይን ብቻ የሚመስሉ ጥቃቅን ዓሦች ካዩ ወዲያው ውሃው ውስጥ ይልቀቋት። ከአንድ ስንዝር ያነሰውንም ይመልሱ። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን እየለቀመ ሐይቁን ጎድቶታል፤ ለመዝናናት የመጣ ሰው ሊጨምርበት አይገባም።

ውሃው ውስጥ ቆሞ ማጥመድም ክልክል ይሁንብዎ። ቢልሃርዚያ ከዳርቻው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል።

ዓሣውን ለቤት ማድረስ

ሁለተኛውን ማጥመድ እሑድ ንጋት ያድርጉና ወደ ቤት የሚወስዱት የዚያን ቀኑን ይሁን። የቅዳሜውን ለብለብ ወይም ጥብስ አስደርገው እዚያው ይብሉት። አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ይቀርባል፤ ትልና ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል አንመክርም።

ዓሣው እንደወጣ አንጀቱንና ስንጥቡን ያውጡ፤ መበላሸት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በንጹሕ ውሃ አጥበው ፌስታል ውስጥ ያስሩት፣ በረዶ መያዣ ሳጥን ውስጥ ከትተው ከሥሩም ከላዩም የበረዶ ጠርሙስ ያድርጉበት። ሳጥኑን መንገድ ላይ አይክፈቱ። ከ5 ሰዓት በፊት ከተነሱ ሳይመሽ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳሉ። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ ወይም የሚከረፋ ከሆነ ይጣል።

መጨረሻ ላይ ወባ አለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የወባ መከላከል አቅም የለውም፤ ስለዚህ ሀዋሳ ላይ አጎበር ውስጥ ይተኙ፣ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ይልበሱ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሳምንት እስከ 1 ወር ቆይቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ጉንፋን ነው ብለው አይተኙበት፤ የዚያኑ ዕለት ይመርመሩ፣ ሀዋሳ ደርሰው እንደመጡም ለሐኪሙ ይንገሩት።