ዓሣው ሲያለከልክ፣ ኮራሉ ሲዘጋ፦ በጎንደር ለትንሽ የባህር አኳሪየም ችግርና መፍትሄ

ከዚህ በታች ያለው ስሌት 60 ሊትር ለሚይዝ፣ ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባህር እንስሳት) ላሉት አኳሪየም የተሠራ ነው። የእርስዎ 30 ሊትር ከሆነ በግማሽ ይቀንሱት። ምንም ነገር ከመጨመርዎ በፊት ሦስት ነገር ይለኩ፦ የጨው መጠን 35 (በ1,000 ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው፤ በእፍጋት መለኪያ 1.026)፣ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ። ጎንደር ላይ ጣጣው በአመዛኙ የሚመጣው ከመብራት መቆራረጥና ከውሃው ምንጭ ስለሆነ እነዚህን ሁለቱን ረዘም አድርገን እናያቸዋለን።

ዓሣው ውሃው አናት ላይ ሆኖ ያለከልካል

መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። ንጋት ላይ ብሶበት ረፋድ ላይ ከተሻለው ያጠረው ኦክስጅን ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። 25 ዲግሪ የሞቀ የባህር ውሃ በባህር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ የሚይዘው 5.2 አካባቢ ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ኮራሉም አልጌውም ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። ስለዚህ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ አገር ስሌት እንዳለ አይውሰዱ፤ ቀነስ ያድርጉት።

የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አቅኑት፤ የውሃው ገጽ ቀንም ሌትም ይርገብገብ። ላዩ ላይ ዘይት መሰል ስስ ሽፋን ካለ በሶፍት እየነኩ ያንሱት። የመስታወት ክዳን ከሆነ በመረብ ይተኩት። ክላውንፊሽ ስለሚዘል ያለ ምንም ክዳን አይተውት።

ቀኑን ሙሉ የሚያለከልክ ከሆነ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻና ከሚበሰብስ ነገር የሚወጣ መርዝ) ይለኩ። የባህር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያለ በመሆኑ ትንሽ አሞኒያም ብዙ ይጎዳል፤ መለኪያው ከዜሮ በላይ ካሳየ 18 ሊትር ውሃ ይቀይሩ። አዲሱ ውሃ በሙቀትም በጨውም ከነባሩ ጋር እኩል ይሁን። ለሁለት ቀን ምግብ ያቁሙ፤ ከድንጋይ ሥር የሞተ ቀንድ አውጣ ወይም ዓሣ እንዳለም ይፈልጉ። አኳሪየሙ ገና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያልሞላው ከሆነ አሞኒያውን የሚያስወግደው ባክቴሪያ አልደረሰም፤ ዓሣው የገባው ቀድሞ ነው።

ከማለክለኩ ሌላ ሰውነቱ ላይ ዱቄት የተነፋ ከመሰለ ቬልቬት የሚባለው ጥገኛ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ነጠብጣቦቹ የጨው ቅንጣት የሚያክሉ ከሆኑ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ነው። ለሁለቱም ዓሣውን ወደ ሌላ ዕቃ አውጥተው መዳብ ባለበት መድኃኒት፣ በመዳብ መለኪያ እየተቆጣጠሩ ያክሙት። መዳብ ኮራሉ ያለበት ውሃ ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይፈጃል። ዋናው አኳሪየም ለ76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ ይቆይ። ረጅም ነው፤ ግን አቋርጠው ዓሣ ከመለሱ ሕክምናው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑርዎ። እሱ ከሌለ በየ15 ደቂቃው ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሰው ያፍስሱ። ለረጅም መጥፋት የሚሻለው 12 ቮልት የመኪና ባትሪና በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ነው፦ 40 አምፒር አወር ባትሪ 480 ዋት አወር አለው፤ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 10 ዋት ፓምፕን አንድ ቀን ሙሉ ያሠራል። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ማሞቂያ ከሰኩበት ወዲያው ያልቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጎኖቹን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ላዩን ክፍት ይተዉ። እስኪመጣ ምግብ አይስጡ።

መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ሁሉንም ነቅለው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ማሞቂያ፣ መጨረሻ አምፖል። ከውጭ የሚቀመጥ፣ ክዳኑ የተዘጋ ፊልትር ካለዎትና ለሰዓታት ከቆመ ግን ዝም ብለው አያስነሱት። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ሞቶ ውሃው ይሸታል። ከፍተው ይድፉት፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ አለቅልቀው ይመልሱ።

ኮራሎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተዘጉ

አንዱ ብቻ ከተዘጋ ጉዳዩ የቦታው፣ የብርሃኑ ወይም የጎረቤቱ ነው። ሁሉም ከተዘጉ ግን ውሃው ውስጥ የገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ጨው። በበጋ ደረቅ አየር ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። 3 ሊትር ቢጎድል 35 የነበረው 36.8 ይሆናል። መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርገው የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ይሙሉ። ብዙ ቀን ተረስቶ ከሆነ በአንድ ቀን አይመልሱት፤ በቀን ከ1 አይበልጥ። የጨው መለኪያውን (ሪፍራክቶሜትሩን)ም 35 በተባለ ማስተካከያ ፈሳሽ ያመሳክሩት።

ውሃው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ጀሪካን ውስጥ «ውሃ አጋር» ከተጨመረበትማ የባሰ ነው። በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀመው ውሃ ጥሩ ይመስላል፣ ለልብስም ይሆናል፤ ነገር ግን የቆርቆሮው ዚንክ ስለሚሟሟበት ለኮራል መርዝ ነው። የሚሻለው አርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ወንፊት የሚያሳልፍ) ከመጨረሻ ሬዚን (የቀረውን የሟሟ ነገር ከሚይዝ) ጋር ነው፤ የቲዲኤስ መለኪያው (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው) 0 ማሳየት አለበት፣ ከዜሮ ማለፍ ሲጀምር ሬዚኑን ይቀይሩ። የሚያስቸግረው ግፊቱ ነው። ሜምብሬኑ 3 ባር ያህል ይፈልጋል፤ 3 ሜትር ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። ግፊት ጨማሪ ፓምፕ ካልተገጠመ አብዛኛው ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ የሚጣራውም ጥራቱ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ሲደፈርስ የመጀመሪያው የጭቃ ማጣሪያ ቶሎ ስለሚደፈን መለዋወጫ ይያዙ። የባትሪ ውሃ የሚገዙ ከሆነ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጠው እሱንም በቲዲኤስ ይለኩ።

የወጥ ጨውም ሆነ አሞሌ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ማግኒዚየሙና ካልሲየሙ በባህር ውሃ መጠን የለበትም። ለባህር አኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ለ1 ሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ያህል አሟሙተው፣ አንድ ሌሊት በፓምፕ አናውጠው፣ ለክተው ይጠቀሙ።

አየሩ። ክፍሉ ውስጥ ፍሊት ከተነፋ የአየር ፓምፑ ስቦ ውሃው ውስጥ ይጨምረዋል። ቅባት ወይም ሳሙና የነካ እጅም እንዲሁ። አዲስ የአክቲቭ ካርቦን ከረጢት ያስገቡና 18 ሊትር ይቀይሩ። ተዘግቶ ከሰል የሚነድበት፣ ቡና የሚፈላበት ሳሎን ሌላ ችግር አለው፤ የተጠራቀመው ካርቦንዳይኦክሳይድ ፒኤችን ከ7.8 በታች ያወርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አንድ ብርጭቆ የአኳሪየም ውሃ ደጅ አውጥተው ለአንድ ሰዓት አየር ይንፉበት። ፒኤቹ ከፍ ካለ ጥፋቱ የክፍሉ ነው፤ መስኮት መክፈት ከማንኛውም የፒኤች መጨመሪያ ይበልጣል።

አንዱ ኮራል ነጣ፣ ተላጠ ወይም ቡናማ ሆነ

እነዚህ ሦስቱ ይምታታሉ። ሥጋው እያለ ቀለሙ ብቻ ከነጣ ብርሃን ወይም ሙቀት በዝቶበታል። ወደ ታች ያውርዱት፣ መብራቱን ወደ ግማሽ ይቀንሱና በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይመልሱት። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት እንዳያገኘውም ይከልሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውሃው 27 ካለፈ ገጹ ላይ ትንሽ ፋን ያናፍሱ፤ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያወርዳል፣ የሚተነውን መሙላት ግን ይበዛብዎታል።

ሥጋው ከሥር ጀምሮ ተልጦ አጥንቱ ከታየ አልካሊኒቲ ወዲያና ወዲህ ብሏል። ዝቅ ካለ ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፦ 1.8 ግራም 60 ሊትርን በ1 ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አሟሙተው ፓምፑ አጠገብ ቀስ ብለው ያፍስሱ፣ በቀን ከ1 አይለፉ። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች አለበት። የግድግዳ ኖራም አይጠቀሙ፣ ንጽሕናው አይታወቅምና።

ቡናማ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ ምግብ በዝቶበት ብርሃን አንሶታል። ከዓሣው ምግብና ቆሻሻ የሚመጡትን ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ላይ ያቆዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዞአንቲድ የተባሉት ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ያሉበትን ድንጋይ አይቀቅሉ፣ በሙቅ ውሃ አይፈትጉ፤ እንፋሎቱ ቤተሰቡን ሁሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ሲቆርጡ ጓንትና መነጽር ያድርጉ።

አልጌ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ ዱቄት ዳያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ በራሱ ይጠፋል። አረንጓዴ ፀጉር ከበዛ ምግብ ቀንሰው በእጅ ይንቀሉት። ቀይ ልባስ ፍሰት በደከመበት ጥግ ይወጣል፤ በቱቦ ስበው አውጥተው ፓምፑን ወደዚያ ያዙሩ። አረፋ የያዘ ቡናማ ንፍጥ መሰል ነገር ካዩና ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ጥቃቅን ፍጥረት ሊሆን ይችላል። ያኔ የውሃ ቅየራ ቀንሰው ለዓሣው ምግብ ጨምር ያድርጉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከዜሮ ሲነሱ ሌሎች አልጌዎች ቦታውን ይቀሙታል።