ቆሽቷ የታመመ ድመትን እንዴት እንደምናስታምም

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ የምትኖር ድመት ዓሣ አልበላም ካለች ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቆሽቱ የተቆጣ ውሻ ብዙውን ጊዜ ያስታውካል፤ ድመት ግን ላታስታውክ ትችላለች። ትፈዛለች፣ አልጋ ሥር ትደበቃለች፣ ምግቧን አሽትታ ትተዋለች። ባለቤቷም «ጠግባ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በመጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ስትቆይ የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፤ ይህም በራሱ ሊገድላት ይችላል። ድዷ ወይም የዓይኗ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ወይም ደጋግማ ካስታወከች አንድ ሰዓትም አይጠብቁ።

ሕመሙ ብርቱ ቢሆንም የሰው ማስታገሻ አይስጧት። ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል።

ለሐኪሙ መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት፣ ትውከቷንና ዓይነ ምድሯን ይንገሩ። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይረዳሉ፤ አንድ ውጤት ደህና መሆኑ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንጀቷና የሐሞት ቱቦዋም አብረው ይቆጣሉ። ሕክምናው በአመዛኙ ፈሳሽ በደም ሥር፣ ማስታገሻና የማቅለሽለሽ መድኃኒት ነው።

ዋናው ሥራ ማብላት ነው። «ቆሽቷ ይረፍ» ብሎ ማስጾም ለድመት ጉዳት ነው። ቆሮሶ ወይም አምባዛ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቀቅለው፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ለብ እንዳለ ያቅርቡላት፤ ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ከወጥ የተረፈ ዓሣ አይሆንም። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይስጧት፤ ያልበላችውን ቶሎ ያንሱት፣ አጠገቧ ከቆየ ያስጠላታል። በግድ አፏ ውስጥ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። እምቢ ካለች ሐኪሙ በቱቦ ይመግባታል። ዓሣ ብቻውን የተሟላ ምግብ ስላልሆነ ካገገመች በኋላ ሥጋም፣ የድመት ምግብም ይጨምሩላት።

ከዚያ በኋላ ውሃ ማብዛትና ሽንት ማብዛት የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በደንብ እየበላች ከከሳችና ዓይነ ምድሯ ብዙና ቅባታማ ከሆነ ቆሽቷ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም እያነሰው ይሆናል፤ ከምግቧ ጋር የሚቀላቀል ዱቄት አለው። ክብደቷን በየሳምንቱ ይመዝግቡ፤ አቅፈዋት በሰው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ቀጥሎ ብቻዎን፣ ልዩነቱ የእርሷ ነው።