አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ወይስ አዲስ? ምልክቱን እያያችሁ የምትወስኑበት ችግርና መፍትሄ

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባህር ወሽመጥ ደጃችን ነው፣ ፖቶማክ ወንዝም ላይ ቢሆን ከሬገን ኤርፖርት ጎን ያለው የዋሽንግተን ሴሊንግ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ሰመር ላይ በሸራ ተሞልቶ ታዩታላችሁ። ጀልባ ልግዛ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የ80ዎቹን በርካሽ ላንሳ ወይስ አዲሱን በብድር?" ነው (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እኔ ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተጣመመ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ባለፈው ሰመር ውሃ ላይ የዋለ የ1987 ጀልባ ጓሮ ውስጥ አመታት ከተረሳ የ2010 ጀልባ ይሻላል። ስለዚህ ስሪቱን ከመጠየቃችሁ በፊት መጨረሻ መቼ ሸራው ተሰቀለ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ማሰብ ከጀመረ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ምሳሌዬ በብዛት ካታሊና 22 የሚባለው ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ነው፣ ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ስለተሰራ በየጓሮው አለ፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። ሌላም 20 ጫማ ገደማ የሆነ ጀልባ ብትገዙ ነገሩ ያው ነው።

ዴኩ ላይ ስትቆሙ ከእግራችሁ ስር ይለመጣል

ምክንያቱ፦ ዴኩ (የምትቆሙበት የጀልባው የላይኛው ወለል) ወጥ ፋይበርግላስ አይደለም፣ በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መሀል ባልሳ እንጨት ወይ ኮምፔንሳቶ አለ። በየቡሎኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ይገባና እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ ከላይ ግን ቀለሙ ቆንጆ ነው።

መፍትሄ፦ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱና በእጀታው ዴኩን በሙሉ እየመታችሁ ስሙ፣ ጠንካራው ቦታ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የበሰበሰው ድም ይላል። ድም የሚለው የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ከሆነች አትፍሩ፣ ቡሎኑን ነቅሎ የበሰበሰውን አውጥቶ አድርቆ በኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) መሙላትና ቡሎኑን በቡቲል ቴፕ (ውሃ በማያስገባ ለስላሳ ማሸጊያ) መልሶ ማሰር ነው (ሲሊኮን የቀባበት ሻጭ ካያችሁ ሌላውንም ስራውን ጠርጥሩ)። ምሰሶው የሚቆምበት ስር ወይም የፊቱ ዴክ በሙሉ ድም ካለ ግን ጥገናው ከጀልባው ዋጋ ይበልጣል፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት።

ማዕበል ሲነካው ከሆዱ ስር ቋ ቋ ይላል

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ከአሮጌ ወደ አዲስ የሚሸሸው በሱ ምክንያት ስለሆነ። ኪል ማለት ጀልባው እንዳይገለበጥ ከሆዱ ስር ወደ ውሃ የሚወርደው ክብደት ነው። አሮጌው ካታሊና 22 አብዛኛው የሚታጠፍ ኪል ነው ያለው፣ ማለትም 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት በአንድ ወፍራም ፒን ተንጠልጥሎ በኬብልና በዊንች ይወጣል ይወርዳል። ፒኑና ቀዳዳው ሲበላ ብረቱ ግራ ቀኝ ይጫወታል፣ ድምፁ እሱ ነው። ድምፁ ብቻውን አያሰምጥም፣ የሚያስፈራው ኪሉ ወደ ላይ ተስቦ ሳለ ኬብሉ ቢበጠስ ነው፣ ያ ሁሉ ብረት በአንዴ ሲወርድ የጀልባውን ሆድ ሊሰብር ይችላል።

መፍትሄ፦ ጀልባው ትሬይለር ላይ እያለ ስሩ ተኝታችሁ በባትሪ እዩ። ኬብሉ ላይ አንድም የተበጠሰ ክር ካለ ይቀየራል፣ ኬብሉ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀም እንደዛው፣ ውሃ በሱ በኩል ነው የሚገባው። ኪሉን በእጅ ስትገፉት በደንብ ከተንቀሳቀሰ ፒኑና የያዙት ብረቶች ይቀየራሉ፣ እቃው ውድ አይደለም፣ ስራው ግን ጀልባውን ማንሳት ስለሚጠይቅ ያርድ (የጀልባ ጋራዥ) ውስጥ ካሰራችሁት የሰው ጉልበት ዋጋ ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

"እንደዛ ከሆነ ቋሚ ኪል ያለው አዲስ ጀልባ አልገዛም ወይ" ትሉኝ ይሆናል። ቼሳፒክ ግን በአማካይ 21 ጫማ ገደማ ብቻ ነው ጥልቀቱ፣ ጥሩ ጥሩው ገባ ያለ ቦታ ደግሞ ከዛም ያነሰ ነው፣ ኪሉን ስትሰበስቡት ሁለት ጫማ ውሃ የሚበቃው ጀልባ እዚህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ብሆን ኬብል እየቀየርኩ የሚታጠፈውን እይዛለሁ።

ምሰሶውን የያዙት ሽቦዎች ጫፍ ቡናማ ሆኗል

ምክንያቱ፦ አይዝጌው ሽቦ ጫፉ ላይ ከተጨመቀበት ቱቦ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። እዚህ ጋ ነው "አዲስ ይሻላል" የሚለው የሚያታልለው፣ የ2008 ጀልባ የፋብሪካ ሽቦው ካልተቀየረ እድሜው አልቋል፣ ባለፈው አመት ሽቦው የተቀየረለት የ1985 ጀልባ ግን በዚህ በኩል አዲስ ነው። ከ10 እስከ 15 አመት ነው የሚባለው፣ ጨው ውሃ ላይ ወደ 10 ጠጋ በሉ።

መፍትሄ፦ ሶፍት በሽቦው ላይ ወደ ታች ሳቡበት፣ ከያዘው የተበጠሰ ክር አለ (በባዶ እጅ እንዳታደርጉት)። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። በዚህ መጠን ላለ ጀልባ ሽቦው በሙሉ በመቶዎች ዶላር ነው እንጂ በሺዎች አይደለም፣ ሸራው ነው የሚወደደው። ሸራው እንደ አሮጌ ነጠላ ከለሰለሰና ስፌቱ በጥፍር ከተለቀቀ ፀሀይ በልቶታል፣ ለአዲስ አስቡ።

ሞተሩ ይነሳና ይጠፋል

አብዛኛውን ጊዜ ካርቡሬተሩ ነው፣ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ክረምቱን ውስጡ ከርሞ ዝልግልግ ሆኖ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ማጽዳት፣ አዲስ ቤንዚን፣ ካንዴላ መቀየር። ሲነሳ ከጎኑ ውሃ ካልተፋ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል፣ ቶሎ አጥፉት። ሞተሩ ጭራሽ ከሞተ አዲስ ሞተር አንዳንዴ ከአሮጌው ጀልባ ይበልጣል፣ ይሄን ሳትደምሩ ርካሽ ነው አትበሉ። ትሬይለሩንም እዩ፣ ጎማው ላይ ባለ አራት አሀዝ ቁጥር አለ ሳምንቱንና አመቱን ይነግራችኋል፣ ኩሽኔታው ግራሶ ካላየ ሀይዌይ ላይ ነው የሚያሳያችሁ።

አዲሱ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ግን ሲደመር እጥፍ ሆነ

ምክንያቱ፦ የተለጠፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ባዶ ጀልባ ነው፣ ሞተር፣ ትሬይለር፣ ማጓጓዣ፣ ታክስ አንዳንዴም ሸራው ሳይቀር ለብቻ ነው። መፍትሄው "ነገ ውሃ ላይ ልወጣበት የምችለው በስንት ነው" ብሎ በጽሁፍ መቀበል ነው። ሌላው ደግሞ እኛ በአሮጌ ኮሮላ ያደግን ሰዎች እቃ ዋጋው አይወርድም ብለን እናስባለን፣ ጀልባ እንደሱ አይደለም፣ አዲሱ በመጀመሪያዎቹ አመታት በጣም ይወርዳል፣ የ80ዎቹ ግን መውረጃውን ጨርሷል፣ ከያዛችሁት በገዛችሁበት አካባቢ ትሸጡታላችሁ።

ትንንሾቹ አዳዲሶች ላይ አንድ ነገር፦ እንደ ሆቢ ዌቭና አርኤስ ኩዌስት ያሉት ፋይበርግላስ ሳይሆኑ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ናቸው። ለልጆች ለመማሪያ ግሩም ናቸው፣ ድንጋይ ቢነካቸው ግድ የላቸውም። ግን ከስር ጎድጎድ ብሎ ካያችሁ ትሬይለር ላይ ፀሀይ ሲመታው ከርሞ ነው፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ኢፖክሲ አይዝበትም፣ ፕላስቲክ የሚበይድ ሰው መፈለግ ነው። ፋይበርግላስ በ40 አመቱም ይጠገናል።

ወረቀቱ አልገጥም አለ

ከጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል፣ ከ1984 ወዲህ ለተሰሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴል አመቱ ናቸው። ሻጩ ከሚለውና ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ስታስመዘግቡ የዋጋውን 5 በመቶ ታክስ አስቡ፣ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የሴፍቲ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ማሪናው ኢንሹራንስ አምጡ ካለ፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ ለአሮጌ ጀልባ ሰርቬየር (ጀልባ መርማሪ ባለሙያ) ያየው ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፣ ሰርቬየር በጀልባው ርዝመት በየጫማው ነው የሚያስከፍለው፣ ለ3,000 ዶላር ጀልባ ያበሳጫል ግን ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

"በነፃ ውሰዱት" የሚባለው አብዛኛው ታይትል የሌለው ነው። እሱን ወስዳችሁ ከጠላችሁት መሸጥ አትችሉም፣ ቆራርጦ ለመጣልም ይከፈልበታል፣ ሰውየው በነፃ የሰጣችሁም ለዛ ነው።