አሮጌው የጀልባ ሞተር ሲያስቸግር፦ ከቤንዚኑ እስከ ጡሩምባው

ሐይቅ ላይ ጀልባ ያለው ሰው ሞተሩ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚፈታው ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን ነው። ጠቁሮ ያገኘዋል፣ ይጠርገዋል፣ ይመልሰዋል። ሞተሩ አስር ደቂቃ ሠርቶ ውሃው መሀል ላይ መልሶ ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ይመጣና «ታይሚንጉ ነው» ይላል፣ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ ተዛብቷል ማለቱ ነው፣ ከሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ቮላኖው፣ በመዶሻ ይፈታል፣ ትንሽ ችግር የነበረበት ሞተር ትልቅ ችግር ይዞ ይገጠማል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

የማወራው ስለ ቆዩት ባለሁለት ምት ሞተሮች ነው። ካርቡራቶር ያላቸው፣ ቤንዚንና ዘይት የሚቀላቀልላቸው፣ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ያማሃ፣ ጆንሰን፣ ኤቪንሩድ። ጆንሰንና ኤቪንሩድን ይሠራ የነበረው ኦኤምሲ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከስሯል፣ ስሙን የገዛው ድርጅትም በ2020 ኤቪንሩድ ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ መለዋወጫ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወርደህ የምታነሳው ነገር አይደለም። ችግሩን ሳታውቅ ዕቃ አትግዛ።

ከቤንዚኑ ጀምር። እኔ ጋ የመጡት አብዛኞቹ ሞተሮች ችግራቸው እዚያ ነበር።

የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ብሎን ከፍተሃል? አትሳቅ፣ ብዙ ሰው ይረሳታል። ተዘግታ ከሆነ ሞተሩ ጥሩ አድርጎ ይነሳል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ታፍኖ ይጠፋል። ክዳኑን ስትፈታ «እስስስ» ብሎ አየር ከሳበ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ቀጥሎ በቱቦው መሀል ያለችውን የጎማ ኳስ ጨምቃት። ቀስቷ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለባት። ጥቂት ጊዜ ተጨምቃ ድንጋይ ከሆነች ደህና ነው። ምንም ያህል ብትጨምቃት የማትጠነክር ከሆነ ወይ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል፣ ወይ የኳሷ ቫልቭ ሞቷል፣ ወይ ካርቡራቶር ውስጥ ያለችው የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋ ብላ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነው። ሞተሩ እየሠራ ኳሷ ወደ ውስጥ ከተጣበቀች ደግሞ መዘጋቱ ከኳሷ በፊት ነው፣ ማለትም ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት ወይም መተንፈሻው። ሌላም ጥሩ ዘዴ አለ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ሰው ኳሷን እየጨመቀ ያግዘው። በዚህ ነፍስ ከዘራ ችግሩ ያለው የነዳጅ ፓምፑ ቀጭን ላስቲክ ላይ ነው፣ ወይም ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ያለችው ቀለበት ጎማ ደርቃለች። የቀለበቷ ዋጋ ትንሽ ነው፣ ቀንህን ግን ታበላሻለች።

አሁን ስለ ራሱ ቤንዚን። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛታችን አይቀርም፣ ማንንም አልወቅስም። ግን ዘይት ሳትቀላቅልበት በፊት ፈትሸው። በንጹህ ሃይላንድ ቅዳና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትነካው አስቀምጠው። ውሃ ካለበት ከታች ይተኛል፣ ጠርሙሱን ስታዘነብለው እንደ ዶቃ ሲንከባለል ታየዋለህ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ። ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ቅባት የመሰለ ምልክት ከተወና ሽታው ላምባ ላምባ ካለህ ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ለሞተርህ አትስጠው። ወራት ሙሉ ጀሪካን ውስጥ የቆየ ቤንዚንም አይታመንም። ካርቡራቶሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል።

ለአብዛኞቹ የዚህ ዘመን ሞተሮች ቅይጡ 50 ለ 1 ነው። 20 ሊትር ቤንዚን ላይ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። አንዳንዱ የቆየ ሞዴል ከዚህ የበለጠ ዘይት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ እይ። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበት የጀልባ ዘይት ይሁን፣ የሞተር ሳይክሉ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው።

ካርቡራቶሩን ማጽዳት ካስፈለገህ ከታች ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትተህ መጀመሪያ የሚወጣውን ብርጭቆ ላይ ተቀበለው። ውሃና ቆሻሻ እዚያ ይታይሃል። ፈትተህ ስታጥብ ጄቶቹን፣ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ባለቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች፣ በብረት ሽቦ አትውጋቸው። ቀዳዳው በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ ልኩ ጠፋ። እኔ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው የምጠቀመው፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስጄ በአየር አስነፋዋለሁ።

እዚህ ላይ ለወሎ ሰው የተለየ ነገር አለ። የኛው ሐይቅ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው፣ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ደግሞ ከእርሱም ከፍ ይላል። ሞተሩ ግን ከፋብሪካ የወጣው ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ነው። በኛ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቤንዚኑ ሳይቀንስ አየሩ ሲቀንስ ሞተሩ ቤንዚን ይጠግባል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ያ ሁልጊዜ የምትጠርገው ጥቁር ካንዴላ እንግዲህ ከዚህ ሊሆን ይችላል! መጽሐፉ ላይ የከፍታ ሰንጠረዥ ካለ በዚያ መሠረት ቀዳዳዋ ትንሽ ጠበብ ያለች ዋና ጄት አስገባ። የሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚሠራበትን ፍጥነት፣ ብሎን ስትነካ ደግሞ መጀመሪያ እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠርና ጻፈው፣ ከዚያ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልክ ሂድ። በአንዳንዱ ሞዴል ማጥበቅ ቤንዚን ይቀንሳል፣ በሌላው ማላላት። ጉልበቱ ከዚህም በኋላ ካልበቃህ ፒቹ፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ አነስ ያለ ፕሮፔለር ብታደርግ ሞተሩ ይቀለዋል። ግን አደራ፣ ሞተሩን ይዘህ ወደ ቆላ ከወረድክ ጄቱን መልስ። ባለሁለት ምት ሞተር በሙሉ ፍጥነት ቤንዚን ካነሰው ፒስቶኑን ይበላል።

ቤንዚኑ ንጹህ ሆኖ፣ ኳሷ ጠንክራ፣ ካርቡራቶሩ ታጥቦ አሁንም ካስቸገረ፣ ወደ እሳቱ እንሂድ። መጀመሪያ ስትነቀል ሞተሩን የምታጠፋው የደህንነት ገመድ ቦታዋ ላይ መሆኗን እይ። ከዚያ በካንዴላው ላይ ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ አለ? ብርቱካናማና የሳሳ ከሆነ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና፣ ሽቦውንና የመሬት መገናኛውን ፈትሽ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር ከሆነ ፍተሻው ልክ በጠፋባት ደቂቃ ነው መደረግ ያለበት። ያኔ ብልጭታ ከሌለ ከቮላኖው ሥር ያለው ቦቢና ወይም ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሲዲአይው፣ በሙቀት እየከዳህ ነው። ብልጭታ ካለ ተመለስ ወደ ቤንዚኑ።

ታይሚንግ ዝም ብሎ አይዛባም። ይህን ያዝልኝ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ገመዱን ስትስብ ሞተሩ እጅህን መልሶ ይመታሃል፣ በካርቡራቶሩ ያስነጥሳል፣ ወይም ቤንዚኑ ልክ ሆኖ ሳለ ፍጥነት ስትሰጠው ያንኳኳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ትንሽዬ ቁልፍ ናት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ከመታ ወይም የቮላኖው ዳዶ ከላላ ቁልፏ በግማሽ ትቆረጣለች፣ ቮላኖው ትንሽ ይዞራል፣ እሳቱም ያለ ጊዜው ይመጣል። ቮላኖውን በማውጫ መሣሪያ አውጣው። በመዶሻ አትምታው፣ ከሥሩ ያለው ማግኔት ይሰነጠቃል፣ ዘንጉም ይጎዳል። ስትመልሰው ሾጣጣው ቦታ ንጹህና ደረቅ ይሁን፣ ግራሶ አትቀባው፣ ዳዶውንም መጽሐፉ በሚለው ልክ አጥብቀው።

ሌላው ቦታ ጋዙን፣ የፍጥነት መስጫውን፣ ከታይሚንጉ ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች ናቸው። በነዚህ ሞተሮች ጋዝ ስትሰጥ ከቮላኖው ሥር ያለው ሳህን አብሮ ይዞራል። የፕላስቲክ መገናኛው ካለቀ ወይም ሳህኑ በዝገት ከተጣበቀ ካርቡራቶሩ ይከፈታል፣ እሳቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ሽፋኑን ክፈት፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ጋዙን በእጅህ አንቀሳቅሰውና ሁለቱም አብረው መሄዳቸውን ተመልከት። በብዙዎቹ ጆንሰኖች የሚኒሞው ፍጥነት ራሱ የሚስተካከለው በታይሚንጉ ማቆሚያ ነው። ሰው ግን የካርቡራቶሩን ብሎን ሲያዞር ይውላል።

ልኩን የምታረጋግጠው በታይሚንግ መብራት ነው። መብራቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል፣ የባጃጅ ባትሪ ይበቃል። ጀልባውን በደንብ እሰረው ወይም ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አቁመው። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አታስነሳው። የዲግሪውን ቁጥር ከሞዴልህ መጽሐፍ ውሰድ። በግምት ወደ ፊት የተገፋ ታይሚንግ ፒስቶን ይበሳል።

አሁን ጡሩምባው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወይም ዘይት ሲያንሰው የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

የገዛሁት አንድ ሞተር ነበር፣ አሮጌ ግን ጸጥ ያለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ሰዎች አሳፍሬ ስመለስ ከመሬት ርቆ ጭው ብሎ ቆመ። ፒስቶኑ በሙቀት ተጣብቆ ነበር። ሽፋኑን ስከፍት የጡሩምባው ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ጩኸቱ ስለሰለቸው ቆርጦታል። ሐይቅ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ መልሕቄ መሬት አይነካም። በመቅዘፊያ ወጣን፣ አልሐምዱሊላህ። መቅዘፊያ ሳትይዝ አትውጣ።

ሳያቋርጥ የሚጮህ ጡሩምባ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ጋዙን ቀንስና ከሞተሩ የምትወጣውን ቀጭን የውሃ መስመር እይ። ከሌለች አጥፋ፣ ሞተሩን አንሳ፣ የውሃ መግቢያውን ተመልከት። ሣር ወይም ፌስታል ተጠምጥሞበት ታገኛለህ። መግቢያው ንጹህ ከሆነ መውጫዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ውጋ፣ ጭቃ ይደፍናታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሃ ካልመጣ የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች አልቀዋል፣ መቀየር ነው። ውሃው እየወጣም ሞተሩ በጣም ከሞቀ ብዙ ጊዜ እንደ ሙቀቱ የማቀዝቀዣ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተጣብቋል።

እየቆየ ጢጥ ጢጥ የሚል ከሆነ፣ የዘይት ታንከር ያለው ሞዴል ላይ ዘይት አንሷል ማለት ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጮህ ከሆነስ? የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ንቀል። ጩኸቱ ከቆመ ሴንሰሩ ነው። ካልቆመ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ተከትለህ ፈልገው። የነቀልከውን ጫፍ ቁልፉን ከፍተህ የሞተሩ ብረት ላይ ብትነካው ደግሞ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ጡሩምባው ወይም መስመሩ ሞቷል። ሴንሰሩን በፈላ ውሃ መሞከር የለመድክ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል፦ አንዳንዶቹ የሚሠሩት ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደህናውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብለህ ትጥለዋለህ። በዘይት ሞቅ አድርገህ፣ በቴርሞሜትር እያየህ ሞክረው።

እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት ሰው ከማሳፈሬ በፊት ያችን ሽቦ ብረት ላይ አስነክቼ ጩኸቱን እሰማለሁ። ካልጮኸ ያን ቀን አልወጣም።